ነስር አልቆም ሲል የአፍንጫ ስፕሬይ ምን ይረዳል?

ወዳጆች፣ በበጋው ፀሐይና አቧራ የጠዋት ሰልፍ ላይ አንዱን ሲነስረው አይታችኋል አይደል? ወዲያው «ቀና በል! ቀና በል!» የሚለው ይበዛል። ሌላው ራሱ ላይ ውሃ ያፈሳል። ቀና ማለት ግን ደሙን ወደ ጉሮሮ ይመልሰዋል እንጂ አያቆመውም፤ የተዋጠ ደም ደግሞ ያስመልሳል።

አብዛኛው ነስር የሚመጣው ሁለቱን የአፍንጫ ቀዳዳዎች በሚለየው ግድግዳ ላይ፣ ከፊት በኩል ካሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ነው። ስለዚህ ቁጭ ብሎ ወደ ፊት ጎንበስ ማለት፣ ከአጥንቱ በታች ያለውን ለስላሳ ክፍል በሁለት ጣት ጥብቅ አድርጎ ይዞ በአፍ መተንፈስ ነው። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ! «ቆመ ወይ?» እያሉ በየደቂቃው መልቀቅ የለም። ጓደኛችሁን ከሆነ የነሰረው እሱ ራሱ ይያዝ፤ ካልቻለ በጓንት ወይም በንጹሕ ፌስታል ያዙለት፣ ደም ነውና።

እንዲህም ተደርጎ አልቆም ካለስ? ለአፍንጫ መደፈን ከፋርማሲ የሚገዛው፣ ኦክሲሜታዞሊን ወይም ዛይሎሜታዞሊን ያለበት ስፕሬይ የደም ሥሮቹን ስለሚያጠብ ይረዳል። የረጋውን ደም ቀስ ብሎ ተናፍጦ ማውጣት፣ በሚደማው ቀዳዳ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን መርጨት፣ ከዚያ እንደገና 10 ደቂቃ መያዝ። ስሙን አንብቡ፤ የጨው ውሃ ስፕሬይ ይህን አይሠራም።

ታዲያ «ተመቸኝ» ብሎ በኪስ ይዞ የሚዞር አለ። እኔን ከነስሩ ይልቅ ይሄ ያሳስበኛል። በተከታታይ ከ3 ቀን በላይ ከተወሰደ አፍንጫ ይለምደዋል፤ ሲተዉት ብሶበት ይደፈናል፣ ያኔ ደግሞ ሌላ ጠርሙስ ይገዛል። የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሐኪም ሳያማክር አይሞክረው፤ ለሕፃናትም እንዲሁ።

ነስሩ ከ30 ደቂቃ ካለፈ፣ ደሙ በብዛት ከፈሰሰ ወይም ጭንቅላት ተመትቶ ከመጣ ግን ስፕሬይ ፍለጋ ሳትሉ ቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።