ገንዘብና ተሰጥኦ በመኪና ውድድር፦ ሰዓቱ የሚለካው ማንን ነው?

በሩጫ የአንድን ወጣት ፍጥነት ለማወቅ ሜዳና የእጅ ሰዓት ይበቃሉ። በመኪና ውድድር ግን ሰዓቱ የሚመዘግበው የአሽከርካሪውንና የመኪናውን የጋራ ውጤት ነው። አዲስ ጎማ፣ የተሻለ ሞተርና ተጨማሪ የልምምድ ቀናት ያሉት ልጅ በችሎታ የሚበልጠውን ተፎካካሪ ሊቀድም ይችላል። ሁለቱን ለመነጠል የሚረዳው ዋነኛ ዘዴ በአንድ ቡድን ውስጥ ተመሳሳይ መኪና የሚነዱትን ማወዳደር ነው፤ ለዚህ ንጽጽር ለመብቃት ግን አስቀድሞ ቡድን ማግኘት ያስፈልጋል።

ወደዚያ የሚያደርሰው መሰላል ውድ ነው። አብዛኞቹ ተወዳዳሪዎች ገና በልጅነታቸው «ካርት» በተባለች አነስተኛ መኪና ይጀምሩና በፎርሙላ 4፣ 3 እና 2 በኩል ወደ ፎርሙላ ዋን ያመራሉ። በእነዚህ ደረጃዎች አብዛኛውን ጊዜ ከፋዩ ቡድኑ ሳይሆን አሽከርካሪው ነው፤ ገንዘቡም ከቤተሰብ ወይም ከስፖንሰር ይመጣል። ሚካኤል ሹማከር እንኳ እ.ኤ.አ. በ1991 በጆርዳን ቡድን መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ ፎርሙላ ዋን ሲወዳደር፣ ለቦታው መርሴዲስ 150,000 ዶላር ከፍሎለታል። የኤስቴባን ኦኮን ወላጆች ቤታቸውን ሸጠው በተጎታች መኪና ውስጥ ኖረዋል። የሉዊስ ሃሚልተን አባት በአንድ ጊዜ በርካታ ሥራዎችን ይሠሩ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1998 የማክላረን ቡድን ድጋፍ መስጠት ሲጀምር ልጁ 13 ዓመቱ ነበር።

«ሃሚልተን ሰባት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል፤ ስለዚህ ተሰጥኦ መንገዱን አያጣም» የሚሉ አሉ። ስታቲስቲክስ የተማረ አንባቢ ስሕተቱን ወዲያው ያየዋል። የሚቆጠሩት በወንፊቱ ያለፉት ብቻ ናቸው። ወጪው ከብዶት በ10 ዓመቱ ካርቱን የሸጠ ልጅ በየትኛውም የውጤት ሰንጠረዥ ላይ አይገኝም፤ ምን ያህል ፈጣን እንደነበረም የሚነግረን መረጃ የለም።

በሌላ በኩል ገንዘብ ብቻውን አይበቃም። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ወደ ፎርሙላ ዋን ለመግባት በታችኛው እርከን ውድድሮች 40 ነጥብ መሰብሰብ ያስፈልጋል። በቬንዙዌላ የነዳጅ ኩባንያ ገንዘብ የገባው ፓስተር ማልዶናዶም እ.ኤ.አ. በ2012 የስፔንን ውድድር አሸንፏል። እንግዲህ ገንዘብ የሚያደርገው ዘገምተኛውን ፈጣን ማድረግ አይደለም፤ ፈጣኖቹ የሚመረጡበትን ስብስብ ያጠብባል። ነጥቦቹም ቢሆኑ የሚሰበሰቡት ከእነዚያው ውድ ውድድሮች ነው።

ወጪውን ከአሽከርካሪው ትከሻ ለማውረድ የተደረገ አንድ ሙከራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የተጀመረው የሴቶች «ደብልዩ ሲሪስ» ተወዳዳሪዎቹን ሳያስከፍል ለሁሉም አንድ ዓይነት መኪና አቀረበ። ሦስቱንም ዋንጫዎች ጄሚ ቻድዊክ ወሰደች፤ በፎርሙላ ዋን ግን የመወዳደሪያ ቦታ አላገኘችም። ውድድሩ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2022 በገንዘብ እጥረት ምክንያት የዓመቱ መርሐ ግብር ሳይጠናቀቅ ተቋረጠ።