ማጅራት ገትር፦ ደማችን ውስጥ ያለው ጠባቂ ሲታለል

የምትጠብቂው ልጅ ትኩሳት ያዘው፣ ሌሊቱን አቅፈሽው አደርሽ። ጠዋት ሆስፒታል ሲወሰድ ሐኪሙ «ማጅራት ገትር ነው» አለ። በዚያው ቀን ለእናቱ፣ ለአባቱና ለእህቶቹ መከላከያ መድኃኒት ታዘዘ። አንቺን ግን ማንም አላሰበሽም። እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥምሽ ዝም እንዳትዪ ነው ይህን የምንጽፍልሽ። ነገሩ እንዲገባሽ ግን መጀመሪያ ደማችን ውስጥ ስላለው አንድ ጠባቂ እንንገርሽ።

ጠባቂው ኮምፕሊመንት ይባላል፣ «ማሟያ» እንደማለት ነው። ከ30 በላይ ፕሮቲኖች ያሉበት ቡድን ነው፤ አብዛኞቹን የሚሠራቸው ጉበት ነው። ጀርም እስኪገባ ድረስ በደም ውስጥ ዝም ብለው ይዞራሉ። ጀርም ሲገባ አንዱ ሌላውን ይቀሰቅሳል። ግማሾቹ ጀርሙ ላይ ተለጥፈው ነጭ የደም ሴሎች እንዲውጡት ምልክት ይሆናሉ፤ መጨረሻ ላይ የሚመጡት ደግሞ ተሰባስበው ሽፋኑን ይበሱታል። ጀርሙ ውሃ ይገባበትና ይፈነዳል።

ይህ የታወቀው በእንስሳት ደም ነው። ቤልጂየማዊው ዡል ቦርዴ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ፓሪስ በፓስተር ኢንስቲትዩት ሲሠራ፣ ከተከተበ እንስሳ ደም የተወሰደ ሴረም (ደም ከረጋ በኋላ የሚቀረው ፈሳሽ) የኮሌራን ጀርም ሲገድል አየ። እስከ 56 ዲግሪ ሲያሞቀው መግደሉን አቆመ። ካልተከተበ እንስሳ ገና የተቀዳ ሴረም ጠብ ሲያደርግበት ደግሞ እንደገና መግደል ጀመረ። ስለዚህ ሥራው የሁለት ነው፦ አንዱ ክትባት የሚያመጣው አንቲቦዲ፣ ሁለተኛው ሁላችንም ይዘነው የምንወለደው፣ ሙቀት የሚያበላሸው ኮምፕሊመንት። ቦርዴ በ1919 የኖቤል ሽልማት አገኘ።

ታዲያ እንዲህ ያለ ጠባቂ እያለን ማጅራት ገትር እንዴት ይገድለናል? ኮምፕሊመንት የራሳችንን ሴል እንዳይበሳ ፋክተር ኤች የሚባል ፍሬን አለው። የማጅራት ገትር ባክቴሪያ ይህንን ፍሬን ከደማችን ይነጥቅና ራሱ ላይ ይለብሰዋል። የሌላ ሰው ኢቃማ አሳይቶ ፍተሻ እንደሚያልፍ ሰው ማለት ነው።

ተመራማሪዎችን ያስቸገራቸው አይጧ ናት። ባክቴሪያው ፍሬኑን የሚይዝበት መንጠቆ የሰውን ፋክተር ኤች እንጂ የአይጥን አይይዝም። ስለዚህ የአይጧ ኮምፕሊመንት አይታለልም። በኋላ የሰው ፋክተር ኤች ያላቸው አይጦች ተፈጠሩ፤ ከዚያው መንጠቆ የተሠራ ክትባትም ተሞከረባቸው። ክትባቱ በእነዚህ ላይ ደከም አለ፤ ምክንያቱም የሰው ፋክተር ኤች መንጠቆውን ስለሚሸፍነው ነው። ተራዋ አይጥ ክትባቱን ከሚገባው በላይ አሞግሳው ነበር። ፋክተር ኤችን እንዳይይዝ ተደርጎ የተለወጠ መንጠቆ ግን የተሻለ አንቲቦዲ አመጣ።

ይህ ምርምር ቢ የሚባለውን የባክቴሪያ ዓይነት ይመለከታል። ለሐጅና ለዑምራ የሚጠየቀው ሌላ ነው፤ ኤ፣ ሲ፣ ደብልዩና ዋይ የተባሉትን አራት ዓይነቶች የሚከላከል፣ ከባክቴሪያው የስኳር ሽፋን የተሠራ ክትባት። እ.ኤ.አ. በ2000 ሐጅ ላይ የደብልዩ ዓይነት ወረርሽኝ ተነስቶ ተጓዦች ወደየአገራቸው ይዘውት ተመልሰው ነበር። ቤተሰቡ ዑምራ ይዞሽ የሚሄድ ከሆነ ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት ተከተቢ፤ ካርዱንም ራስሽ ጋ አስቀምጪ። «እኔ አገር ቤት ተከትቤያለሁ» ብለሽ አትዘናጊ፤ በ2013 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የተጀመረው የዘመቻ ክትባት ኤን ብቻ ነው የሚከላከለው።

አሁን ወደ ልጁ እንመለስ። ባክቴሪያው የሚተላለፈው በምራቅና በአፍ በአፍንጫ ፈሳሽ፣ በቅርብ አብሮ በመኖር ነው። አብራው የምትተኛ፣ የምታጎርሰው፣ አፍንጫውን የምትጠርግለት አንቺ ከሆንሽ ከሁሉም በላይ የቀረብሽው አንቺ ነሽ። ስለዚህ መከላከያው አንቲባዮቲክ ለአንቺም ይገባል፤ በተቻለ መጠን በ24 ሰዓት ውስጥ። ለሐኪሙ ወይም ለነርሷ «አና አናም ፊ ጉርፈት አል-አጥፋል» (የምተኛው ልጆቹ ክፍል ነው) በያቸው። እርጉዝ ከሆንሽ ወይም ከተጠራጠርሽ ንገሪያቸው፤ መድኃኒቱን ይቀይሩልሻል። ማዳም «አንቺ ጤነኛ ነሽ፣ ምን ያደርግልሻል» ብትልሽ፣ የሚሰጠው ለጤነኛ ሰው መሆኑን አስረጃት፤ እሷም የወሰደችው ጤነኛ ሆና ነው።

ራስሽን ካመመሽስ? ትኩሳት ከከባድ ራስ ምታት ጋር፣ አገጭሽ ደረትሽን መንካት እስኪያቅተው የአንገት መገተር፣ ትውከት፣ ብርሃን መጥላት፣ መደንገዝ፣ የእጅና የእግር መቀዝቀዝ። ብርጭቆ ሲጫኑት የማይጠፋ ቀይ ወይም ወይን ጠጅ ነጠብጣብም ሊወጣ ይችላል። በእኛ ቆዳ ላይ ቶሎ ስለማይታይ መዳፍሽን፣ ውስጥ እግርሽን፣ የዓይንሽን ሽፋን ውስጡንና ላንቃሽን እዪ። ግን ነጠብጣቡ እስኪወጣ አትጠብቂ። ይህ በሽታ በአንድ ቀን ውስጥ ሊገድል ስለሚችል «ፓናዶል ውሰጂና ተኚ» የሚባልበት አይደለም። በአረብኛ «ሑማ ሸውኪያ» ይሉታል፤ አምቡላንስ ደግሞ «ኢስዓፍ» ነው። ቁጥሩ በሳዑዲ 997፣ በኤምሬትስ 998፣ በኩዌት 112፣ በኳታርና በባህሬን 999፣ በኦማን 9999፣ በዮርዳኖስ 911፣ በሊባኖስ 140።

አንድ ነገር እንጨምር። ከዚህ በፊት ማጅራት ገትር ይዞሽ የሚያውቅ ከሆነ፣ ወይም ወንድምሽን ወይም እህትሽን ይዞ ከነበረ ለሐኪም ተናገሪ። አንዳንድ ሰው የመጨረሻዎቹ በሺ ፕሮቲኖች ሳይኖሩት ይወለዳል፤ ይህ በሽታም ይደጋገምበታል። ምርመራው የደም ነው፣ ሲ ኤች ፊፍቲ ይባላል። በተለመደው አሠራር ሴረምሽ ከበግ ቀይ የደም ሴሎች ጋር ይቀላቀልና ስንቱን እንደሚያፈነዳ ይታያል። ጉድለት ከተገኘ ክትባቱ በየጊዜው እየታደሰ ይሰጥሻል።