በለስን በዝናብ አገር በገዛ ሥሩ ስለ ማሳደግ

ማናቸውም ተክል የመጣበትን አገር ጠባይ ይዞ ይኖራል። ስለዚህ የደረቅ አገር ተክል በእርጥብ አገር ለመትከል የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የተክሉን ጠባይ ሊመረምር ይገባዋል። ይህን ሳያውቅ ቢተክል ግን ለተክሉ አዝኖ ያጠጣው ውሃ ተክሉን ይገድለዋል።

በለስ፥ በሌላ ስሙ የባሕር ቁልቋል፥ የመጀመሪያ አገሩ ሜክሲኮ ነው። ወደ ትግራይ በ19ኛው መቶ ዓመት ገብቶ በዚያ ጭንጫ መሬት ተስፋፋ። ፍሬው በክረምት፥ እህል ከጎተራ በሚጎድልበት ወራት ይደርሳልና ለብዙ ቤተ ሰብ የችግር ቀን ምግብ ሆኖ ኖሯል፤ ቅርንጫፉም በድርቅ ጊዜ የከብት መኖ ነው። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከረኃቡ የተነሣ ብዙ ሰዎች ከትግራይና ከወሎ መጥተው በኢሉባቦር ሰፈሩ። እንግዲህ ከዚያ አገር የመጣ ሰው በመቱ ቀይ ዐፈር ላይ በለስ ልትከል ቢል፥ ባገሩ ያየው ልማድ ብቻውን አይበቃውም። በዚያ የተቆረጠ ቅርንጫፍ በድንጋይ መካከል ቢወድቅ እንኳ ሥር ይሰድዳል፤ በዚህ ግን ዝናቡ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ስለሚመላለስ፥ እንዲሁ የተተከለው ቅርንጫፍ ሥር ሳያወጣ ይበሰብሳል።

ተማሪዎች አስቀድመው ሁለቱን ተክሎች እንዲለዩ ያስፈልጋል። ያገራችን ቁልቋል፥ በኦሮምኛ አዳሚ የሚባለው፥ ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያፈስሳል፤ ይህም ወተት ዐይንን እጅግ ይጎዳል። በለስ ግን ወተት የለውም። ይሁን እንጂ ከትልልቁ እሾህ ሌላ እንደ ጸጉር የረቀቀ እሾህ አለውና፥ በባዶ እጅ አይያዝም፤ የያዘውም ሰው እጁን ሳይታጠብ ዐይኑን አይንካ።

፩. የመበስበሱ ምክንያት

በበለስ ላይ ቅጠል የሚመስለው ጠፍጣፋ ነገር በእውነት ግንዱ ነው፤ ውሃም በውስጡ ያከማቻል። ሌሎች ተክሎች በቀን የሚከፍቱትን የመተንፈሻ ቀዳዳ በለስ የሚከፍተው በሌሊት ነው፤ ስለዚህ በፀሐይ ጊዜ ውሃው አይባክንበትም። እንዲህ ያለው ተክል በሚቆረጥበት ጊዜ ቁስሉ እርጥብ ሆኖ ይቈያል። ቁስሉ ሳይደርቅ ወደ ዐፈር ቢገባ፥ በዐፈር ውስጥ የሚኖሩት ሻጋታና ባክቴሪያ በተከፈተ በር እንደሚገባ ሌባ ይገቡበታል።

ሁለተኛው ምክንያት የአየር ማጣት ነው። ሥር እንደ እኛ ይተነፍሳል። በዐፈር ቅንጣቶች መካከል ያለው ክፍት ቦታ ሁሉ በውሃ ሲሞላ አየር ይታጣል፤ ሥሩም ታፍኖ ይሞታል፤ ከሞተው ሥርም መበስበሱ ወደ ግንዱ ይወጣል። እንግዲህ በለስን የሚገድለው ከሰማይ የሚወርደው ዝናብ ሳይሆን፥ ሄዶ የማያልቅ፥ በሥሩ ዙሪያ የሚቆም ውሃ መሆኑን ልብ በሉ።

፪. የአተካከሉ ሥርዐት

አንደኛ፤ ጊዜውን መምረጥ ነው። ቅርንጫፉ በኅዳር መጨረሻ ይቆረጥ፤ ታኅሣሥና ጥር ዝናብ የሚያንስባቸው ወራት ናቸውና፥ መጋቢት ሳይገባ ሥር ለመስደድ ጊዜ ያገኛል።

ሁለተኛ፤ አንድ ዓመት ያለፈው፥ ጠንካራና ነቁጥ የሌለበት ቅርንጫፍ ተመርጦ፥ በእሳት በተለበለበና በቀዘቀዘ ቢላዋ ከመጋጠሚያው ላይ ይቆረጥ።

ሦስተኛ፤ ቅርንጫፉ ወዲያው አይተከል። ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ውስጥ፥ ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት ቆጥ ላይ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይቀመጥ። ቁስሉ ደርቆ እንደ ቅርፊት ሲጠነክር ተዘጋጅቷል ማለት ነው። ቅርንጫፉ ጥቂት ቢጨማደድ አያሳስብም፤ ጠውልጎ የዳነ ብዙ ነው፥ በስብሶ የዳነ ግን የለም።

አራተኛ፤ በተዳፋት ቦታ፥ ከጉልበት በታች የሆነ ጉብታ ይሠራ። ቀዩ ዐፈር ብቻውን ውሃ ስለሚይዝ፥ ከወንዝ ዳር በመጣ አሸዋና በጠጠር እኩል በእኩል ይደባለቅ። ትኩስ ፍግ ፈጽሞ አይግባበት። ቦታው ቀኑን ሁሉ ፀሐይ የሚያገኝ፥ ከጣራ ጠፈጠፍም የራቀ ይሁን።

አምስተኛ፤ ከቅርንጫፉ ሲሶው ብቻ ይቀበር። ቀጥ ብሎ እንዲቆም በድንጋይ ይደገፍ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምንም ውሃ አይጠጣ፤ በውስጡ ያለው ይበቃዋል። በቀስታ ሲነቀንቁት መሬቱን ይዞ እንቢ ካለ ሥር ሰድዷል።

፫. መበስበስ ከጀመረ

ከመሬቱ አጠገብ ልስላሴ፥ ጥቁረት ወይም መጥፎ ሽታ ከታየ፥ ለነገ ማለት አይገባም። ቅርንጫፉ ይነቀልና ከተበላሸው ክፍል በላይ ይቆረጥ። የተቆረጠው ፊት ይመርመር፤ በውስጡ አንዲት ቡናማ ነጥብ እንኳ ብትገኝ፥ ቢላዋው እንደ ገና በእሳት ተለብልቦ ከፍ ብሎ ይቆረጥ። ፊቱ ንጹሕ አረንጓዴ ሲሆን ከላይ እንደ ተነገረው ደርቆ በሌላ ቦታ ይተከል። የበሰበሰው ተቃጥሎ ይጥፋ።

፬. በሌላ ሥር ስለ ማሳደግ

በውጭ አገር ከበለስ ይልቅ ለመበስበስ የቀረቡ የቁልቋል ዘመዶችን የሚያሳድጉ ሰዎች፥ የደካማውን ራስ ቆርጠው በብርቱው ግንድ ላይ ያጣብቁታል። ይህ ጥበብ ተክሉን ቶሎ ያሳድገዋል። ነገር ግን ሕይወቱ በሌላው ላይ የተመሠረተ ነውና፥ ተሸካሚው ግንድ ሲሞት እርሱም ይጠፋል፤ ብዙ ጊዜም የተፈጥሮ መልኩን ትቶ ያብጣል። በገዛ ሥሩ የቆመው በዝግታ ያድጋል፤ ቦታው ከተስማማው ግን ዕድሜው ይረዝማል። ስለዚህ በለስን ለመሰለ ብርቱ ተክል ሌላ ሥር ከመፈለግ ይልቅ መሬቱን ማስተካከል ይሻላል።

ለዚህም ምሳሌ የሚሆን ተክል ከእኛው አገር ደን አለ። ሪፕሳሊስ የሚባለው፥ በአፍሪካ በተፈጥሮ ከሚገኙት ዕፅዋት መካከል የዚህ ወገን ብቸኛው ተክል፥ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ እርጥብ ደን ውስጥ በዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ይኖራል። ዝናብ ሲመታው ውሎ የማይበሰብሰው ስለ ምንድን ነው? ሥሩ በዛፉ ቅርፊት ላይ ስለሆነ ውሃው ወዲያው ይፈስሳል፤ አየርም አይታጣም። እኛ በአሸዋና በጠጠር ጉብታ የምንሠራው እርሱ በዛፍ ላይ ያገኘውን ነው።

፭. ማስጠንቀቂያ

በለስ ጠቃሚ ቢሆንም ያለ ጠባቂ አይተው። የእርሱ ዘመድ የሆነ አንድ ዐይነት በምሥራቅ ኢትዮጵያ የግጦሽ መሬት ወርሮ አርብቶ አደሩን አስቸግሯል። ስለዚህ ትራፊው በቡና ደን ወይም በግጦሽ ላይ አይጣል። በትግራይም በ1990ዎቹ ዓ.ም. ለቀይ ቀለም ተብሎ የገባው ኮችኒል የሚባል ተባይ ከታሰበለት ቦታ ወጥቶ ብዙ የበለስ ማሳ አጥፍቷል። ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር የታየበት ቅርንጫፍ ከሩቅ አገር አይምጣ።

ይህ ትምህርት ለበለስ ብቻ አይደለም። የቡና ችግኝም በመደቡ ላይ ውሃ ሲቆምበት ከአንገቱ በስብሶ ይወድቃል። የቡና መደብ ከፍ አድርጎ የሚሠራ፥ ውሃውንም በቦይ የሚያሳልፍ ገበሬ በለስ የሚያስተምረውን አስቀድሞ ያወቀ ነው።

ለተማሪዎች ሥራ፤ ሁለት የበለስ ቅርንጫፎች ውሰዱ። አንዱን በተቆረጠበት ቀን በሜዳ ዐፈር ትከሉ፤ ሁለተኛውን አድርቃችሁ በጉብታ ላይ ትከሉ። ከሁለት ወር በኋላ ሁለቱንም ነቅላችሁ ሥራቸውን መርምሩ፤ ያያችሁትንና ምክንያቱንም በደብተራችሁ ጻፉ።