አረንጓዴው ውኃ ወዳጅ ነው ወይስ ጠላት?

ሰቆጣ አጠገብ ባለ አንድ መንደር የምናስተምራቸው አንዲት እናት ከትምህርት በኋላ አስቆሙን። «ልጆቼ፣ ኩሬያችን ላይ አረንጓዴ ነገር ተጋግሯል። መድኃኒት ነው ወይስ መርዝ?» አሉን። አብረን ሄደን አየን። በረቱ ከኩሬው በላይ ነው። ዝናብ ሲጥል ሽንቱና እበቱ ታጥቦ ኩሬው ውስጥ ይገባል። በዋግ ደግሞ ውኃ ብርቅ ነው፤ ከዚያው ኩሬ ሰውም ከብትም ይጠጣል።

አረንጓዴው ነገር ዋቅላሚ ይባላል። ውኃ ውስጥ ይበቅላል። እንደ ሰብል ፍግና ፀሐይ ይወዳል። እበትና ሽንት ባገኘ ቁጥር ይበዛል።

ዋቅላሚን የሚበላ ፍጥረት አለ። የውኃ ቁንጫ ይሉታል። ከጤፍ ፍሬ ብዙም አይበልጥም። ቁንጫ የተባለው ውኃ ውስጥ ስለሚፈናጠር ነው እንጂ አይነክስም።

ሁለቱ ተባብረው የበረት ፍሳሽ ያጣራሉ። እንዴት? ሦስት ጉድጓድ በተራ ይቆፈራል። በመጀመሪያው ፍሳሹ ይጠልላል። አተላው ተዝቆ ለማሳ ፍግ ይሆናል። ሁለተኛው ጥልቀት የሌለውና ፀሐይ የሚያገኘው ነው። እዚያ ዋቅላሚው በፍሳሹ ውስጥ የቀረውን ፍግ ይመገባል። በሦስተኛው የውኃ ቁንጫው ዋቅላሚውን ይበላል። ውኃው ይጠራል። ትኩስና ወፍራም ፍሳሽ ግን ቁንጫውን ይገድለዋል። ስለዚህ ተራው አይዘለልም። በአዲስ አበባም ቃሊቲ ላይ የከተማው ፍሳሽ ለብዙ ዓመታት ዋቅላሚ በሚያድግባቸው ኩሬዎች ይጣራ ነበር።

ልብ በሉ! የጠራ ሁሉ ንጹሕ አይደለም። በዓይን የማይታይ ጀርም ይቀራል። ያ ውኃ ለዛፍ ችግኝ ይሁን እንጂ አይጠጣም። ጥሬውን የሚበላ አትክልትም አይጠጣበትም።

በፍሳሽ ጉድጓድ ወዳጅ የሆነው ዋቅላሚ በመጠጥ ኩሬ ጠላት ነው። በጎረቤታችን በትግራይ በ2004 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች 32 ትናንሽ ግድቦችን አጥንተው ነበር። በብዙዎቹ መርዝ ሊያወጣ የሚችል የዋቅላሚ ዓይነት አገኙ። እንዲህ ያለው መርዝ ከብት ይገድላል። ውኃውን ማፍላትም አያጠፋውም። ስለዚህ አረንጓዴ የተጋገረበትን ውኃ አትጠጡ፤ ከብቱንም ወደ ሌላ ውኃ ውሰዱ።

ከመንደሩ ሰው ጋር ሆነን ከበረቱ ሥር ቦይ ቆፈርን። ፍሳሹ ከኩሬው ርቆ ዞረ። እኒያ እናት ቦዩን አይተው «እንግዲህ ጠላታችንን ቀለብ ነሳነው» አሉ።

የእናንተስ በረት ከኩሬያችሁ በላይ ነው ወይስ በታች? ዛሬውኑ ሄዳችሁ እዩ። ክረምቱ ሳይገባ ቦዩን ቆፍሩ።