ሳይቃጠል በቅጠል፤ ስለ ፖሊስ ቁጥርና ስለ ከተማ ጸጥታ

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



የአንድ ከተማ ዕድገት የሚለካው በሕንጻው ብዛት ብቻ አይደለም። ሰው በምሽት ያለ ስጋት ወጥቶ መግባት መቻሉም መለኪያ ነው። በምሥራቅ ጎጃም እንደ ቢቸናና እንደ ሞጣ ያሉ ከተሞች እየሰፉ፥ ትናንት የጤፍ ማሳ የነበረው ዳርቻ የመኖሪያ ሰፈር በሆነ ቍጥር፥ «ፖሊስ ይጨመርልን» የሚል አቤቱታ መነሣቱ አይቀርም። አቤቱታው እውነትነት አለው። ነገር ግን ቁጥር ብቻውን ጸጥታን ያስገኛልን? ዛሬ የምንመረምረው ይህንኑ ነው።

አስቀድመን ሒሳቡን እንመልከት። አንድ የጥበቃ ስፍራ ሌሊትና ቀን ሳይቋረጥ እንዲጠበቅ፥ ተረኛው በየ8 ሰዓቱ ቢለወጥ፥ በሳምንት 21 ተራ ይሆናል። አንድ ፖሊስ በሳምንት 6 ተራ ቢሠራ፥ ለአንድ ስፍራ ሦስት ሰው ተኩል ያስፈልጋል ማለት ነው። የዓመት ፈቃድ፥ ሕመም፥ ሥልጠናና ለምስክርነት ፍርድ ቤት መቅረብ ሲታከልበት፥ ወደ 5 ሰው ይጠጋል። እንግዲህ በመዝገብ 20 ፖሊስ ያለው ጣቢያ፥ በአንድ ጊዜ ሊያሰማራ የሚችለው 4 ሰው ያህል ነው። ከነዚህም አንዱ መዝገብ ያዥ፥ አንዱ የእስረኛ ጠባቂ ሲሆን፥ ለመላው ከተማ የሚተርፈው ሁለት ነው። በጀት የሚያዘጋጅ ሹም ስም ብቻ ቆጥሮ «በቂ ነው» ቢል፥ ሕዝቡንም ፖሊሱንም ይበድላል።

የሰው ኃይል ሲያንስ የሚመጣው ፈተና ደግሞ ሌላ ነው፤ ይኸውም ጥፋተኛውን መርምሮ ከመለየት ይልቅ የሰፈሩን ወጣት ሁሉ አፍሶ ማሰር ነው። ይህ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በቀድሞው ዘመን በአውጫጭኝ ወይም በአፈርሳታ፥ ሌባው እስኪጠቆም ድረስ የአገሩ ሰው ሥራውን ፈትቶ በአንድ ስፍራ ይቀመጥ ነበር። በሌባሻይም መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየተንገዳገደ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዝ ነበር። የፖሊስ አዋጅ በ1934 ዓ.ም. ከወጣ፥ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም በ1954 ዓ.ም. ከታወጀ በኋላ፥ ጥርጣሬ በማስረጃ እንዲመረመር ተደነገገ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 19፥ የተያዘ ሰው ለጕዞ ከሚያስፈልገው ጊዜ በቀር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። ያለ ማስረጃ ማፈስ አውጫጭኝን በሌላ ስም መመለስ ነው።

የኃይል ብዛት አመኔታን እንደማይተካ የቢቸናና የሞጣ ሰው በታሪኩ ያውቀዋል። የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በ1960 ዓ.ም. በወጣ ጊዜ ገበሬው እንቢ ብሎ ተነሣ፤ ጦርም ተላከበት። ነገሩ የበረደው ግን ጠቅላይ ገዢው ከሥልጣናቸው ተነሥተው፥ ኋላም ውዝፉ ግብር ከተማረ በኋላ ነው።

ከውጭ አገርም የምንማረው አለ። የሎንዶን ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ1829 ሲቋቋም፥ ዋነኛ ተግባሩ ወንጀልን አስቀድሞ መከላከል እንደ ሆነ በመመሪያው ተጽፎ ነበር። በአሜሪካ በካንሳስ ሲቲ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1973 በተደረገ ሙከራ፥ በአንዳንዱ ቀበሌ በመኪና የሚዞረው ፖሊስ ሁለትና ሦስት እጥፍ ሆነ፤ በሌላው ጥሪ ካልመጣ በቀር እንዳይዞር ተደረገ። በወንጀሉ ብዛት ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። በኒዋርክ ከተማ ፖሊስ በእግሩ እንዲዞር ሲደረግ ወንጀሉ እምብዛም ባይቀንስም፥ የሕዝቡ ስጋት ቀነሰ። በኋላ የተደረጉ ጥናቶችም ወንጀል በጥቂት ስፍራዎች ተጠጋግቶ እንደሚደርስና፥ ጥበቃው በነዚያው ላይ ሲያተኩር ውጤት እንደሚገኝ አሳይተዋል።

ከዚህ የምንረዳው፥ የሚጨመረው ፖሊስ የት፥ በምን ሰዓትና ለምን ሥራ እንደሚቆም ካልታወቀ ጭማሪው እንደሚባክን ነው። በገበያ ቀን የሰረቀውን ከብት የሚሸጥ እንዳይኖር የሻጩን ማንነት ማረጋገጥ፥ የጨለመውን መንገድ ማብራት፥ አዲስ ለሚሠራው ሰፈር ቁጥርና ስም መስጠት፥ የሰፈር ዘበኞችን ከጣቢያው ጋር ማገናኘት፥ ዕድሩንም ማማከር፥ እያንዳንዱ ቀላል መስሎ ቢታይም ሌባውን መሸሸጊያ ያሳጡታል። ሥራ ፈት ለሆነው ወጣት እንጀራ መፈለግም ከጥበቃው ተለይቶ የሚታይ አይደለም።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በተስፋፋው ግጭት ሕዝቡም ፖሊሱም ብዙ ተጎድተዋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ፖሊስ እንደ ተዋጊ ሲታይ፥ የተሰረቀ ሰው ለማመልከት ይፈራል፤ ያየም ለመመስከር ይሸሻል። ጥቆማና ምስክር ያጣ ጣቢያ ደግሞ መቶ ሰው ቢሰለፍበት ዕውር ነው። ስለዚህ ከአዲስ ምልምል አስቀድሞ መመለስ ያለበት አመኔታ ነው።

በመንግሥት ሥራ ላይ ያላችሁ አድማጮች፤ ይህ ጉዳይ ለፖሊስ ብቻ የተተወ አይደለም። የመንገድ መብራት ጥያቄ በማዘጋጃ ቤት መሳቢያ ሲያድር፥ የአቤቱታ መዝገብ በቀጠሮ ሲጓተት፥ ወንጀሉ እንዳነሰ ለማስመሰል የቀረበ አቤቱታ ሳይመዘገብ ሲቀር፥ ሌባውን የሚረዳው ብዕራችን ነው። የፖሊስ ቁጥር እንዲጨመር የምንጽፈው ደብዳቤ ሊከበር የሚችለው፥ በእጃችን ያለውን መዝገብ በእውነት የያዝን እንደ ሆነ ነው። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉትም እሳቱ ከመንደዱ በፊት ለሚተጋ ሰው ነው።