ወንፊቱን ማን ይፈትሸው? የአሜሪካ ኩባንያዎችና የብዝኃነት ክርክር

እ.ኤ.አ. ጥር 21 ቀን 2025 ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ 60 ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ትዕዛዝ ሻሩ። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በ1965 ያወጡት ይህ ትዕዛዝ ከፌዴራል መንግሥት ጋር ውል ያላቸው ኩባንያዎች በቅጥር አድልዎ እንዳይፈጽሙ፣ እኩል ዕድል ለመስጠትም በዕቅድ እንዲሠሩ ያስገድድ ነበር። በዚያው ሳምንት የችርቻሮ ኩባንያው ታርጌት የብዝኃነት ግቦቹን መዝጋቱን አስታወቀ። የሌላው የችርቻሮ ኩባንያ የኮስትኮ ባለአክሲዮኖች በበኩላቸው፣ ኩባንያው የብዝኃነት ፖሊሲው የሚያስከትለውን ስጋት አጥንቶ ሪፖርት እንዲያደርግ የቀረበውን ሐሳብ ከ98 በመቶ በላይ በሆነ ድምፅ ጣሉት። ደጋፊም ተቃዋሚም «ብዝኃነት» በሚለው ስያሜ ሲሟገቱ፣ የነገሩ ሥር የሆነው ጥያቄ ይዘነጋል፤ ሠራተኛ የሚመረጥበት መስፈርት ለሥራው በእርግጥ ያስፈልጋል ወይ? ብዝኃነትን፣ ፍትሐዊነትንና አካታችነትን እመራለሁ የሚል ኃላፊ ከሁሉ አስቀድሞ መመርመር ያለበት ይህንኑ ነው።

ጥያቄው መልክ የያዘው ሰሜን ካሮላይና ውስጥ በሚገኝ የዱክ ፓወር ኃይል ማመንጫ ነው። በዚያ ጥቁር ሠራተኞች የሚመደቡት በጉልበት ሥራ ክፍል ብቻ ነበር፤ የክፍሉ ከፍተኛ ደመወዝም በሌሎቹ ክፍሎች ከሚከፈለው ዝቅተኛ ደመወዝ ያንስ ነበር። በቅጥር አድልዎን የሚከለክለው የ1964 የሲቪል መብቶች ሕግ ክፍል በሥራ ላይ በዋለበት ዕለት፣ ሐምሌ 2 ቀን 1965፣ ኩባንያው ወደ ተሻሉት ክፍሎች ለሚቀጠሩ አዲስ ሰዎች ከሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ ሌላ ሁለት የችሎታ ፈተናዎች ጨመረ። ቀድሞ ያለ ዲፕሎማ የገቡት ነጮች ግን ሥራቸውን በሚገባ ይሠሩ፣ ዕድገትም ያገኙ ነበር። 13 ጥቁር ሠራተኞች ከሰሱ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1971 በሙሉ ድምፅ ከሥራው ጋር የማይገናኝና አንዱን ወገን የሚያገል መስፈርት፣ ክፉ ሐሳብ ባይኖርበትም፣ ሕገወጥ ነው ሲል ወሰነ። «ብዝኃነት ብቃትን ያወርዳል» ለሚለው ተቃውሞ ከዚህ የተሻለ መልስ አይገኝም፤ ፈተናው መጀመሪያውኑ የሥራውን ብቃት አልለካም ነበር። መስፈርቱን፣ ማለትም ወንፊቱን፣ የፈተሸ ሰው ብቃትን አላቀለለም።

ወንፊቱ በወረቀት ላይ ብቻ አይደለም ያለው። ተመራማሪዎቹ ማሪያን በርትራንድና ሰንዲል ሙላይናታን በ2004 ባሳተሙት ጥናት ወደ 5,000 የሚጠጉ የፈጠራ ሲቪዎችን በቦስተንና በቺካጎ ለወጡ የሥራ ማስታወቂያዎች ልከው ነበር። ኤሚሊና ግሬግን የመሰሉ የነጭ የሚመስሉ ስሞች የተጻፉባቸው ማመልከቻዎች፣ ላኪሻና ጀማልን የመሰሉ የጥቁር የሚመስሉ ስሞች ካሉባቸው አቻዎቻቸው 50 በመቶ የበለጠ የቃለ መጠይቅ ጥሪ አገኙ። ኩባንያዎች ለእንዲህ ያለው ችግር የሚመዙት መድኃኒት በአብዛኛው ሥልጠና ነው፤ ተቃዋሚዎችም ሥልጠናው ፍሬ እንደማያፈራ ይናገራሉ። በዚህ ነጥብ እውነት አላቸው። አሌክሳንድራ ካሌቭ፣ ፍራንክ ዶቢንና ኤሪን ኬሊ 708 የግል ቀጣሪዎችን አጥንተው በ2006 ባወጡት ውጤት፣ የአለቆችን አድልዎ በሥልጠና ለማረም የተደረገው ጥረት ከሁሉ ደካማው ሆኖ ተገኝቷል። ከሁሉ ሰፊው ለውጥ የታየው ጉዳዩን የሚከታተልና የሚጠየቅበት ኃላፊ ወይም ኮሚቴ በተሰየመበት ነው። አንድ ከሰዓት አዳራሽ ተቀምጦ የወጣ አለቃ በማግሥቱ በዚያው ልማዱ ይቀጥራል፤ ማንን ለምን እንደጣለ የሚጠይቀው ሰው ካለ ግን ምክንያቱን አስቦ ይጽፋል።

የመጨረሻው ተቃውሞ ብዝኃነት ብዙኃኑን መልሶ ይበድላል የሚለው ነው። ኮታ ይዞ የሚሠራ ኩባንያ ይህን ክስ መመለስ ይቸግረዋል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በሰኔ 2025 ከብዙኃኑ ወገን የሆነ ከሳሽ የተለየ ከባድ ማስረጃ አይጠየቅም ብሏል። መስፈርቱን ለሥራው የሚያስተካክል ኩባንያ ግን ማንንም አይነጥቅም፤ አላስፈላጊ የዲፕሎማ መስፈርት ሲቀር ዲፕሎማ የሌለው ነጭም ይገባል። ትራምፕ በሚያዝያ 2025 የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በ1971 ውሳኔ መርህ መሠረት መክሰስን ወደ ጎን እንዲያደርጉ ቢያዙም፣ ኮንግረስ መርሁን በ1991 በሕግ ስላጸደቀው ሠራተኞች ራሳቸው ፍርድ ቤት መሄድ ይችላሉ። ስለዚህ የብዝኃነት መምሪያውን ስም የቀየረ ኩባንያ ሁሉ ከጥያቄው አላመለጠም፤ የቅጥር መስፈርቶቹን አንድ በአንድ የፈተሸው ግን ማንም ኋይት ሐውስ ቢገባ የሚያቀርበው መልስ አለው።