ነጋሪቱ ቀድሞ፣ ጭነቱ ኋላ

ዳንግላ፣ ቅዳሜ ከሰዓት። ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል። የእህቴ ልጅ ስልኩን አፍንጫዬ ድረስ አስጠግቶ «ጋሼ፣ አዲሱ ላፕቶፕ ወጥቷል!» አለኝ።

«የት ወጣ?»

«ይኸው፣ አሜሪካ። መድረክ ላይ አሳዩት።»

«ገዝቶ የያዘው ሰው አለ?»

ስልኩን ወደ ላይ ወደ ታች አደረገና «እሱን እንኳ አይልም» አለ። እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ነው። ጥያቄው ቀላል ነው፤ በእጁ ባለው ብር አሁን ይግዛ ወይስ «የወጣውን» ይጠብቅ?

ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም። ፀሐይ ትወጣለች፣ ውጤት ይወጣል፣ ሎተሪም ይወጣል፤ ለኮምፒውተርም ያለን ያው «ወጣ» ነው። አንድ ኮምፒውተር ግን ቢያንስ አራት ጊዜ ይወጣል። መድረክ ላይ ሲታወጅ አንድ፣ ትዕዛዝ መቀበል ሲጀመር ሁለት፣ ከፋብሪካ ተጭኖ ሲነሳ ሦስት። አራተኛው ዳንግላ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ሲታይ ነው። በመጀመሪያውና በሦስተኛው መካከል ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይገባሉ። በሦስተኛውና በአራተኛው መካከል ስለሚገባው ደግሞ የውጭ መጽሔቶች አይጽፉም፤ እሱ የእኛ ጉዳይ ነው።

ከፋብሪካው እንጀምር። የኮምፒውተሩ ልብ ፕሮሰሰር ነው፤ የሚታተመውም ሲሊኮን በሚባል ንጥረ ነገር ዝርግ ላይ። ዝርጉ ክብ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ስፋቱ 300 ሚሊሜትር፣ የእንጀራ ግማሽ ያህል ማለት ነው፤ ውፍረቱ 1 ሚሊሜትር አይሞላም። በላዩ ላይ በብርሃን ንድፍ ይታተማል፣ በኬሚካልና በጋዝ ይፋቃል፣ ሌላ ንብርብር ይለበሳል፣ እንደገና ይታተማል። ይህ በመቶዎች የሚቆጠር ደረጃ ነው። ባዶ ሆኖ የገባ ዝርግ ያለቀ ቺፕ ሆኖ እስኪወጣ ሦስት ወር ያህል ይፈጃል። ገንዘብ ቢጨምሩበት ብዙም አይፈጥንም፤ ሊጡ ካልቦካ ምጣዱን ማጋል ጥቅም የለውም። የመጀመሪያው እትም ላይ የንድፍ ስሕተት ከተገኘ ደግሞ ንድፉ ታርሞ ያው ወራት የሚፈጀው ጉዞ ከመነሻው ይጀመራል።

ከዚህ የባሰው ራስ ምታት ምርቱ እኩል አለመሆኑ ነው። ድንች ለገበያ ያወጣ የእኛ የአዊ ዞን ገበሬ ይህን ማንም ሳያስረዳው ያውቀዋል። ከአንድ ማሳ ተቆፍሮ ትልቁ ለብቻ፣ መካከለኛው ለብቻ፣ ደቃቁ ለዘር ይለያል። ከአንድ ዝርግ ላይ የተቆረጡ ቺፖችም እንዲሁ ናቸው። አንዱ በከፍተኛ ፍጥነት ሳይሞቅ ይሠራል፣ ሌላው ፍጥነቱ ሲቀነስለት ብቻ ይረጋጋል፣ ሌላው ጭራሽ ይጣላል። ትልልቁ ስንት እንደሚሆን እስኪቆፈር አይታወቅም። ኩባንያው ግን ሳይቆፈር ያውጃል።

እ.ኤ.አ. በ1999 ኦገስት 31 ቀን አፕል ፓወር ማክ ጂ4 የተባለውን ኮምፒውተር በሦስት ፍጥነት አወጀ፤ 400፣ 450 እና 500 ሜጋኸርዝ። ቺፑን የሚሠራው ሞቶሮላ ባለ 500ውን በበቂ ቁጥር ማምረት አቃተው። በኦክቶበር አፕል የሦስቱንም ፍጥነት በ50 ዝቅ አደረገ። ዋጋው ግን ሳይነካ ቀረ። ትልቁን ድንች አሳይቶ መካከለኛውን በትልቁ ዋጋ መስፈር ማለት ነው፤ ገበያ ላይ ይህን ያደረገ ነጋዴ ቁናው ይያዝበት ነበር።

ቺፑ ቢደርስ እንኳ አንዲት ርካሽ ዕቃ ሁሉን ታቆማለች። ራስፕቤሪ ፓይ የተባለችው የ35 ዶላር ትንሽ ኮምፒውተር እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2012 ለሽያጭ ስትቀርብ የአከፋፋዮቹ ድረ ገጾች በገዢ ብዛት ተጨናነቁ። የመጀመሪያው ዙር 10 ሺህ ብቻ ነበር። ከዚያ ቻይና ያለው ፋብሪካ የተሳሳተ የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ እንደገጠመ ታወቀ፤ ውስጡ መኖር የነበረባቸው ጥቃቅን ማግኔታዊ ክፍሎች የሉትም። ከውጭ ሲያዩት ከትክክለኛው አይለይም። መሰኪያዎቹ ተነቅለው መተካት ነበረባቸው። ይህ ሲያበቃ የአውሮፓ የደኅንነት ፈተና ተከተለ፤ የመጀመሪያዎቹ ገዢዎች ዕቃውን ያዩት በኤፕሪል ነው።

አንዳንዴ ደግሞ መዘግየቱ ከሕግ ይመጣል። ሬዲዮ ሞገድ የሚያሰራጭ መሣሪያ አሜሪካ ውስጥ ሳይፈተሽ አይሸጥም፣ የፈቃድ ማመልከቻውም ለሕዝብ ይፋ ይሆናል። ስቲቭ ጆብስ አይፎንን እ.ኤ.አ. ጃንዩዋሪ 9 ቀን 2007 አሳይቶ ሽያጩን እስከ ጁን 29 ያቆየበትን አንድ ምክንያት ራሱ መድረኩ ላይ ተናግሯል፤ ምስጢሩን የፈቃድ መሥሪያ ቤቱ ከሚያወጣው እኛው እንንገራችሁ አለ። እዚህ ላይ ነጋሪቱ የቀደመው ሕጉ ስለሚያጋልጠው ነው እንጂ ለማታለል አይደለም።

ለማታለል የሚጎሰም ነጋሪትም ግን አለ፤ ታሪኩም ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሲሞር ክሬይ ለሲዲሲ ኩባንያ የነደፈው ሲዲሲ 6600 የዓለም ፈጣኑ ኮምፒውተር ነበር። ኃያሉ አይቢኤም ኤፕሪል 1964 ሲስተም 360 የተባለውን የኮምፒውተር ቤተሰብ አወጀ፤ በዚያው ዓመት ከ6600 ጋር የሚፎካከር ትልቅ ማሽን በመንገድ ላይ እንደሆነም አስወራ። ሞዴል 91 የተባለው ይህ ማሽን ለደንበኛ የደረሰው ግን በ1967 ነው። በመሃል ገዢዎች «የአይቢኤሙን እንጠብቅ» እያሉ ፊታቸውን ከሲዲሲ አዞሩ። ሲዲሲ በ1968 ዲሴምበር ፍርድ ቤት ከሰሰ። የክሱ ፍሬ ነገር በእኛ አማርኛ ሲነገር «ላም አለኝ በሰማይ» የሚለው ነው፤ ተፎካካሪዬ በሌለ ማሽን ገበያዬን ዘጋብኝ ነው ያለው። በ1973 ጃንዩዋሪ በስምምነት ሲያልቅ አይቢኤም አንዱን ኩባንያውን ለከሳሹ አሳልፎ ሰጠ።

የሰማይ ላም ባለቤቷን የምትወጋበት ጊዜም አለ። አዳም ኦዝቦርን እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው ኦዝቦርን 1 ክብደቱ ወደ 11 ኪሎ ቢደርስም በእጅ ተይዞ የሚሄድ ኮምፒውተር ተብሎ በ1,795 ዶላር በጣም ተሸጠ። በ1983 ሰውየው ስለሚቀጥለው ማሽኑ አስቀድሞ አወራ። ሻጮች የቀድሞውን ማዘዝ አቆሙ፣ የሚቀጥለው አልደረሰም፣ ኩባንያው በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ከሰረ። ለመክሰሩ የተፎካካሪዎች ብርታትና የተከማቸ ዕቃም ድርሻ እንዳላቸው የሚከራከሩ አሉ፤ እኔም ወሬ ብቻውን ኩባንያ ይገድላል ብዬ አላምንም። ያም ሆኖ ሳይደርስ ማወጅ የሚያመጣው ጣጣ እስካሁን የሚጠራው በእሱ ስም ነው።

ወደ ሀገራችን ልመለስ። መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ተላለፈ። ቀጥሎ ትምህርት ሚኒስቴር ፈተናው በታብሌት እንደሚሰጥ አስታወቀ። እንጅባራም ዳንግላም ያሉ ተማሪዎች እንደ ሌላው ሁሉ ታብሌት ጠበቁ። ዓመቱ መላው ዓለም ከቤቱ ሊማርና ሊሠራ ኮምፒውተር የሚሻማበት፣ የቺፕ እጥረትም የጀመረበት ነበር። ታብሌቶቹ በጊዜው ሊገቡ አልቻሉም፤ ከ3 መቶ ሺህ በላይ ተማሪዎች ፈተናውን ከየካቲት 29 ቀን 2013 ጀምሮ በወረቀት ተፈተኑ። በኮምፒውተር መፈተን ለተወሰኑ ተማሪዎች እውን የሆነው በ2016 ክረምት ነው። የታብሌቱ ሐሳብ መጥፎ አልነበረም። ስሕተቱ የፈተናን ያህል ነገር ገና ባልተጫነ ዕቃ ላይ ማንጠልጠሉ ነው፤ እንዲህ ያለ አዋጅ ዕቃው ቢያንስ ጅቡቲ ከደረሰ በኋላ ቢነገር የሚጎዳው ማንም አልነበረም።

ተገላቢጦሹም ደርሶብናል። በ10 ዓመት አንዴ እንዲካሄድ ሕገ መንግሥቱ የሚያዘው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የመጨረሻው የተደረገው በ1999 ዓ.ም. ነው። ለቀጣዩ ቆጠራ 180 ሺህ ታብሌት ተገዛ። ዕቃው ደረሰ፤ ቆጠራው ግን ደጋግሞ ተላለፈ፣ ሰኔ 2011 ላይም ፓርላማው እንደገና አራዘመው። ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ኮምፒውተር ባለበት አይቆይም። የሊቲየም ባትሪ ባይነካም ያረጃል። ሙሉ ተሞልቶ ሙቀት ውስጥ ከቆየ ቶሎ ይደክማል፤ ጨርሶ ባዶ ሆኖ ከተቀመጠ ደግሞ ጭራሽ ላይነሳ ይችላል። ግማሽ ያህል ተሞልቶ ቀዝቃዛ ቦታ ቢቀመጥ ይሻለዋል። 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችው እንጅባራ ለሰው ብርድ ለባትሪ ምቾት ናት።

አራተኛው «ወጣ» ቀርቶናል። ከፋብሪካ የተነሳ ላፕቶፕ በአስመጪ በኩል የሚመጣ ከሆነ ባንክ ኤልሲ የተባለውን የክፍያ ዋስትና እስኪከፍትለት ይጠብቃል። ከዚያ ባሕሩ፣ ጅቡቲ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ፣ ጉምሩክ፣ መርካቶ። ከዚያ ደግሞ የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ እስከ እንጅባራ 450 ኪሎ ሜትር ያህል። ሌላ ሀገር አዲስ ሞዴል ሲታወጅ የነባሩ ዋጋ ስለሚወርድ መጠበቅ ያዋጣል። እኛ ጋ ዋጋውን የሚወስነው አዋጁ ሳይሆን ዶላሩ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ያን ሰሞን «አዲሱ እስኪመጣ» ብሎ የጠበቀ ሰው አሮጌውንም አጣው።

ደግሞስ አዊ ውስጥ ተማሪ የሚገዛው በብዛት ዩዝድ ላፕቶፕ አይደለም? አብዛኛው ውጭ ሀገር ቢሮ ውስጥ ሦስት አራት ዓመት አገልግሎ የተቀየረ ነው። ስለዚህ ለእህቴ ልጅ የነገርኩት በፋግታ ለኮማ ስለምናውቀው የዲከረንስ ዛፍ ነው። ገበሬው ችግኙን በክረምት ይተክላል፣ በመጀመሪያው ዓመት በመሃሉ ጤፍ ይዘራል፣ ከሰል የሚሆነው ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ነው። ስልኩ ላይ ያሳየኝ ላፕቶፕም ዛሬ የተተከለ ነው፤ ዳንግላ የሚደርሰው እሱ ተመርቆ ሥራ ሲፈልግ ይሆናል።

በማግሥቱ እንጅባራ ሄደን ያለውን ገዛን። ዩዝድ ለምትገዙ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በቀር ከስምንተኛው ትውልድ በታች ያሉ የኢንቴል ፕሮሰሰሮችን አይቀበልም። ገንዘቡን ከመቁጠራችሁ በፊት ማሽኑን አስነሡና የፕሮሰሰሩን ስም እዩ። ከ«አይ 5» ወይም ከ«አይ 7» ቀጥሎ ያለው ባለ አራት አሃዝ ቁጥር በ6 ወይም በ7 ከጀመረ ሳጥኑ የቱንም ያህል ቢያብረቀርቅ ዋጋ አስቀንሱ፣ አለዚያም ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፉ።